አፌ ያፈረሰው ድርድር

አንድን ነገር ለሰዎች ከሀ እስከ ፐ ስታስረዱ ቆይታችሁ፣ ስትጨርሱ ሰዎቹ ነገሩን ከእናንተ በፊት እንደሚያውቁትና ያዳመጧችሁ በይሉኝታ ብቻ እንደሆነ የገባችሁ ጊዜ አለ? እኔን አጋጥሞኛል። መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከአንድ ሐሙስ እስከ ቅዳሜ ባሉት ሦስት ቀናት። ቶሎ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ ማፈሩ የኔ ብቻ ይሆን ነበር። ዘግይቶ ስለገባኝ ዳፋው ለሌላ ሰው ተረፈ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ቅደም ተከተል እወዳለሁ። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት፣ የትውልድ ከተማዬ ደሴ፣ ሥራዬ የታሪክ መምህርነት፣ የሥራ ዘመኔ ሁለተኛ ዓመት። በየመማሪያ ክፍሉ ፕላዝማ ቴሌቪዥን የተሰቀለበት፣ ተማሪውም መምህሩም አንድ ለአምስት የተደራጀበት ጊዜ ነበር። የታሪክ ትምህርት በፕላዝማ ስለማይሰጥ የታሪክ መምህር የሚተማመነው በጠመኔው ነው። እኔ አራት ቀለም ጠመኔ ነበረኝ። አረንጓዴው ለርዕስ፣ ነጩ ለዝርዝር፣ ቢጫው ለምሳሌ፣ ቀዩ ለማስጠንቀቂያ። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ስላለፈ ነገር ማንን እንደማስጠነቅቅ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የዚያ ሳምንት ርዕስ የሰሜኑ አገር ሕዝብ በጥንቱ የውጭ ንግድ የነበረው ድርሻ ነው። በልማዴ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ወደ ውጭ የሚሄደውን ዕቃ ጻፍኩ፤ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ሰም፣ ባሪያ። ወደ አገር የሚገባውን ጻፍኩ፤ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ የጦር መሣሪያ። ነጋዴዎቹን ጻፍኩ፤ ዓረብ፣ ሕንድ፣ ግሪክ፣ አርመን። በመጨረሻው ዓምድ «የአገሬው ሰው ድርሻ» ብዬ ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ አሰፈርኩ፦ አቅራቢ። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሰዓዳ እጇን አወጣች። ሰዓዳ ሙሄ ከአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሁሉ የምትበልጥ ነበረች፤ በዕድሜም ጭምር። እናቷ ስለሞተችባት ትምህርት ዘግይታ ጀምራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል። ፎቶዋ «ሞዴል ተማሪ» ተብሎ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የዓመቱ እቅዴ ላይ «በብሔራዊ ፈተና ከፍተኛ ውጤት የምታመጣ ተማሪ ማፍራት» የሚል ነጥብ አለ፤ ነጥቡ እሷ ናት።

«ቲቸር፣ ለአቅራቢው ዋጋውን የሚነግረው ማነው?» አለች።

ትንሽ አሰብኩና ገበያው ነው አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። አላሰመረችበትም።

አከራዬ አያ እንድሪስ የከብት ገበያ ደላላ የነበሩ፣ ጉልበታቸው ሲደክም ቤት ማከራየት የጀመሩ ሽማግሌ ናቸው። አባቶቻቸው ነጋዴዎች እንደነበሩ ሰምቼ ስለነበር፣ በእቅዴ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ለሚለው ነጥብ ይሆኑኛል ብዬ ሐሙስ ዕለት ወደ ክፍል ጋበዝኳቸው። የሚናገሩትንም በሁለት ገጽ ጽፌ ሰጠኋቸው። ማንበብ እንደማይችሉ ያወቅኩት ወረቀቱን በክብር አጥፈው ኪሳቸው ሲከቱት ነው።

የራሳቸውን ተናገሩ። የአያታቸው አባት ከአባይ ማዶ የሚሻገረውን ዝባድ በበሬ ቀንድ እየተቀበለ፣ ሰሙን በበቅሎ እየጫነ፣ ቆላውን አቋርጦ እስከ ባሕሩ ይወርድ ነበር አሉ። ዓረብኛ ከሶላቱ ውጭ አያውቅም፤ የባሕሩ ሰው አማርኛ አያውቅም። ታዲያ በምን ይነጋገራሉ? አያ እንድሪስ ጋቢያቸውን ዘረጉና ከፊት ረድፍ አንዱን ልጅ ጠርተው እጁን ከጋቢው ሥር ያዙት። አንድ ጣት ሲጨበጥ አንድ ነው፤ መዳፍ በሙሉ ሲጨበጥ አምስት። አሥር ይሁን መቶ፣ ቀን ይሁን ወር፣ ሁለቱም ከጉዳዩ ያውቁታል። ዙሪያውን የቆመ ሰው ምንም አያውቅም።

«ሕጉ አንድ ነው» አሉ። «እጅ ከሥር ሲገባ አፍ ይዘጋል። ከተደራዳሪው ወገን አንድ ሰው ቁጥር ካወጣ የተያዘው ፈረሰ። ልቀጥል ካለ ደግሞ ከተናገረው ቁጥር ይጀምራል። የወገኑ ቃል ነዋ።»

ልጆቹን ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ አጣምረው አለማመዷቸው። ክፍሉ ሙሉ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ዝም ያለበትን ያን ቀን አልረሳውም፤ እኔ ዓመቱን ሙሉ ዝም ላሰኛቸው አልቻልኩም ነበርና። ከሁሉም የፈጠነችው ሰዓዳ ናት። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ሠንጠረዡን እያየ ስለ ባሪያውስ ብሎ ጠየቀ። አያ እንድሪስ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ።

«አባቶቼም ነድተዋል። አልዋሽህም ልጄ። በሰሙም በዝባዱም ላይ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዟል። የነዚያ እጅ ግን የፊጥኝ ታስሮ ነበር፤ ማን ጨብጦ ይጠይቃቸዋል?»

እኔ ሰዓቴን አይቼ፣ በቀይ ጠመኔ «አሳዛኝ» ብዬ ጻፍኩና ወደ ማጠቃለያው ገባሁ። እንዲህ ያለ የተሸፈነ ድርድር የግልጽነት ችግር እንዳለበት፣ ዛሬ ዋጋ ለሁሉም በሚታይ ሰሌዳ መለጠፍ እንዳለበት አስረዳሁ። አያ እንድሪስ «እውነት ነው የኔ ጌታ» አሉ። የተስማሙ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ዕለት ሰዓዳ ቀረች። የክፍል አለቃውን ስጠይቀው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገረኝ፤ ዘሐራ ከደጎሎ መጥታለች፣ እሁድ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ በሚሄደው አውቶቡስ ይዛት ትሄዳለች፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሪያድ። ዘሐራ ዓረብ አገር ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ፓስፖርቱን የምታስጨርስ፣ ቪዛውን የምታመጣ፣ የልፋቷን ዋጋም ልጅቷ እዚያ ሠርታ ከምታገኘው የመጀመሪያ ወራት ደመወዝ የምትወስድ። ወሩ መጋቢት ገና መግባቱ ነው። ብሔራዊ ፈተናው በግንቦት መጨረሻ፣ ሦስት ወር ቀርቶታል።

ከሰዓት በኋላውን ተቀምጬ የማሳመኛ ንግግር ጻፍኩ። ሦስት ነጥብ፣ እያንዳንዱ ሁለት ንዑስ ነጥብ። ከዚያ አያ እንድሪስን አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። እሺ አሉ፤ ግን እኔ ከሰላምታ በቀር ባልናገር እንደሚመርጡ ገለጹልኝ። የመረጡት ነገር እንጂ ያዘዙት ነገር ስላልነበረ ንግግሬን ኪሴ ይዤ ሄድኩ።

የአባቷ የሙሄ ቤት ከከተማው ዳር ነው። ግማሹ ሣር፣ ግማሹ ቆርቆሮ፤ ቆርቆሮው ታላቋ ልጅ ከሪያድ የላከችው ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስንገባ ሙሄ ሁለት ጎረቤቶች አስቀምጦ፣ ዘሐራም ጥቁር አባያ ለብሳ ከመደቡ ጥግ ተቀምጣለች። ሰላምታው ረጅም ነበር። እኔ ክርስቲያን ብሆንም የደሴ ልጅ ነኝና «አብሽር» ማለቱ አላቃተኝም። ሰዓዳ አብሽ በጥብጣ አቀረበችልን፤ ቀና ብላ ሳታየኝ ከመጋረጃው ኋላ ገባች።

ንግግሬን አደረግኩ። ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ስደት ጉዳት፣ ስለ ሴት ልጅ ብሩህ ተስፋ። ማንም አልተቃወመኝም። በየነጥቡ «ማሻአላህ» ይሉኝ ነበር፤ ከሁሉም አብዝታ ያለችው ዘሐራ ናት። ስጨርስ፣ ዝናብ እስኪያባራ ተጠልለው እንደቆዩ ሰዎች፣ ወደ ነበሩበት ወሬ ተመለሱ።

አያ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ ዘሐራ፣ ትሂድ አትሂድ አልልም። ጥቂት ብትቆይስ?»

ዘሐራ ነገሩ ሊታይ እንደሚችል፣ ይህን ቪዛ ለሌላ ሰጥታ ሌላ ማስመጣት እንደማይከብዳት፣ ግን በአፍ እንደማትነጋገር ተናገረች። ጎረቤቶቹን በአገጯ እያመለከተች፣ እዚህ ቤት የተባለ ነገር እስከ ማታ የሰፈሩ ሁሉ ውል ይሆንብኛል አለች። እሷም የከብት ነጋዴ ልጅ ናት፤ በጋቢ ሥር እንጨርሰው አለች።

«እሱስ ጥሩ ነበር» አሉ አያ እንድሪስ፣ «እኔ ግን የሰው ሴት እጅ አልይዝም።»

ሙሄም እንደማይሆን ራሱን ነቀነቀ። ጎረቤቶቹ ወደ ጣሪያው አዩ። የአንዲት ልጅ ዕድል እዚህ ላይ ሲቆም አልታገሥ አለኝና እኔ ልያዝ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ሙሄን አብሹ ትን አለው። ዘሐራ ሻርፗን ወደ አፏ እየሳበች «ቲቸርን ደግሞ ማን ይያዛቸው?» አለች።

መጋረጃው ተገለጠ። ሰዓዳ ወጥታ ከዘሐራ ፊት ለፊት ተቀመጠችና የትከሻዋን ነጠላ አውርዳ በሁለቱም ጉልበት ላይ ዘረጋችው።

«እኔ ተምሬዋለሁ» አለች።

«ስለ ራሷ ልትደራደር?» አለ ሙሄ።

«ስለ ራሷ ካልሆነ ስለ ማን ኖሯል?» አሉ አያ እንድሪስ።

ሁለቱ እጆች ከነጠላው ሥር ገቡ። የነጠላው ጥለት አንዴ ወደ ሰዓዳ፣ አንዴ ወደ ዘሐራ ይሳባል። ዘሐራ ራሷን ትነቀንቃለች። እጁ እንደገና ይንቀሳቀሳል። ሰዓዳ እንደ ሐሙሱ ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ግንባሯ ላይ ግን ላብ ማቸፍቸፍ ጀምሯል። ዘሐራ ድጋሚ ራሷን ነቀነቀች። ሰዓዳ እጇን አላወጣችም። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም፤ ሰዓቴን ያላየሁበት ብቸኛ ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ በውስጤ የነበረውን በቅደም ተከተል ልግለጽላችሁ። አንደኛ፣ ልጅቷ እየተሸነፈች ነው ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛ፣ እስከ ፈተናው የሚያስፈልገን ሦስት ወር ብቻ መሆኑን አሰላሁ። ሦስተኛ፣ ዘሐራ ይህን በግልጽ ብትሰማው ትንሽ መሆኑን ትረዳለች ብዬ ደመደምኩ። ዘሐራ ዓይኗን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ስታወጣ፣ እምቢ ልትል ነው ብዬ አፌን ከፈትኩ።

«እኛ እኮ የምንጠይቀው ሦስት ወር ብቻ ነው።»

ነጠላው ቆመ። ሰዓዳ እጇን ቀስ ብላ አወጣችና መዳፏን አየችው፤ የያዘችው ነገር ወድቆባት የት እንደደረሰ የምትፈልግ ይመስል። እስከዚያ ቀን «የኔ ጌታ» ሲሉኝ የኖሩት አያ እንድሪስ «አንተ ልጅ» አሉኝ።

ዘሐራ ግን ፊቷ በራ። የነበረው እንደፈረሰ፣ ሕጉን አያ እንድሪስ ከእሷ በላይ እንደሚያውቁት፣ ከወገናችን ሦስት ስለተባለ እሷም በሦስት እንደተስማማች ተናገረች። ሙሄ አልሃምዱሊላህ አለ። ጎረቤቶቹም ተከተሉት። እኔ ከሁሉም በላይ ደስ አለኝ። ፈተናውን ልትፈተንልኝ ነው። በሦስት ነጥብ ያልተገኘው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተገኘ ብዬ ከቤቱ እስከ አጥሩ በር ድረስ ባለ ድል ሆኜ ተራመድኩ። ያ መንገድ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

በሩ ላይ ዘሐራ ደረሰችብኝ። ልጇ ሆኜ የተመረቅኩላት የሚያስመስል ፈገግታ ነበራት።

«ቲቸር፣ ነገሩ ስላለቀ ብናገር ነውር የለውም። ልጅቷ መዳፌን በሙሉ ጨብጣ አልለቅም ብላኝ ነበር። አምስት። ስለ ራሷ እጇን የዘረጋች ሴት አይቼ አላውቅምና እሺ ልላት ነበር። ሦስት ሲሉልኝ አላህ ይስጥልኝ አልኩ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ለአያ እንድሪስ ማስረዳት ጀመርኩ። ቅን አሳቤን፣ የፈተናውን ቀን፣ አምስት ወር ለምን እንደማያስፈልግ። እሳቸው በዝግታ እየተራመዱ ሰሙኝ። ከዚያ እኔም ወደዚያ ቤት የሄድኩት ልጅቷን ላቀርብ እንደሆነ ነገሩኝ።

«ዘሐራ ለሪያድ፣ አንተ ለወረዳው። እሷስ ለልጅቷ እጇን ዘርግታላታለች።»

ሰኞ ዕለት ሰዓዳ ክፍል ገባች። በእረፍት ሰዓት ጠርቼ አምስቱ ወር ለምን እንዳስፈለጋት ጠየቅኳት። ያልተቆጣች ሰው ድምፅ ነበራት።

«ውጤቱ የሚወጣው በነሐሴ ነው ቲቸር። አይቼው ልወስን ነበር። ጥሩ ካመጣሁ ልቀር፣ ካላመጣሁ ልሄድ።»

አሁንም ቢሆን እንዳትሄድ፣ ቃሉን እንድታፈርስ ለመምከር ጀመርኩ። አባቷ ቃል እንደገባ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ብትገባ ቀለብ እንደሚያስፈልጋት፣ እኔ ይህን ጠይቄያት እንደማላውቅ አስታወሰችኝ። «ሠንጠረዥዎ አያበላኝም» አለች፤ ሳቅ ብላ። ስቄ ልመልስላት ፈልጌ ነበር። በርዕሰ መምህሩ በር ላይ ያለው ፎቶ ከቆምንበት ይታይ ነበርና አልቻልኩም።

ፈተናዋን ተፈትና በሰኔ መጀመሪያ ሄደች። ነሐሴ ላይ ውጤቱ ሲወጣ ወረቀቷን የተቀበልኩላት እኔ ነኝ። ለመሰናዶ ከሚያስፈልገው በላይ አምጥታለች። ታላቅ እህቷ በሰጠችኝ ቁጥር ሪያድ ደወልኩ። እየሠራች ስለነበር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነጋገረችኝ። የያንዳንዱን ትምህርት ውጤት አነበብኩላት። ስጨርስ ከወዲያ የሳሕን ድምፅ ብቻ ተሰማኝ። ከዚያ «ሒሳቡን ይድገሙልኝ» አለች። ደገምኩላት። አመስግናኝ ዘጋች።

ሪፖርቴ ላይ ነጥቡ ተሳክቷል። ሞዴል መምህር ተብዬ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። አልዋሻችሁም፤ ሄጄ ተቀብያለሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ተመለሰች። ከሄዱት ሁሉ የከፋ አልገጠማትም፤ የተሻለም አልገጠማትም። አሁን መካነ ሰላም ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ ከሥራ በኋላ በማታው ክፍለ ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍልን ስትጀምር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሱቋ ቁጭ ብለን፣ መሄዷ ይቆጫት እንደሆነ ጠየቅኳት። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ከሦስት ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።

«መሄዴ አይቆጨኝም» አለች። «ውጤቴን ሳላውቅ መሄዴ ነው። አውቄው ብሄድ የኔ መንገድ ይሆን ነበር።»

ማስረዳት የሚወድ ሰው ነኝና ይህን ገጠመኝ ለምን እንደነገርኳችሁ ላስረዳ። እኔ መጽሐፍ አንብቤ የአገሬ ሰው በውጭ ንግድ ውስጥ አቅራቢ ብቻ ነበር ብዬ አስተማርኩ። ሐሙስ ዕለት አንድ ሽማግሌ እንደዚያ እንዳልነበረ አሳዩኝ። አሳዩኝ ማለቴ በእጃቸው ነው፤ በዓይኔ እያየሁ ነው። ቅዳሜ ዕለት ያው ነገር በፊቴ ሲደገም ግን፣ ተደራዳሪዋን አላየኋትም፤ ያየሁት መኪና ላይ ሊጫን የተዘጋጀ ዕቃና ዕቃውን የማስጥል ጀግና ነው። ታሪክን ሲያነቡ ስህተቱን የሠሩት የውጭ አገር ጸሐፊዎች ናቸው ማለት ደስ ይላል። የኔን ስህተት ለመሥራት ከደሴ በላይ መራቅ አላስፈለገኝም።

ዛሬ የንግዱን ትምህርት ከመጀመሬ በፊት ተማሪዎቼን ወደየቤታቸው እሰዳቸዋለሁ፤ አያቶቻቸው ምን እንደጫኑ፣ ከማን ጋር እንደተነጋገሩ፣ ማን እንደወሰነ ጠይቀው ይመጣሉ። ከዚያ እኔ እጽፋለሁ። ሠንጠረዡ በሰዓቱ አያልቅም። የትምህርት ክፍል ኃላፊዬ ስለዚህ ሁለት ጊዜ አነጋግሮኛል።

እናንተም አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ስለ እሱ ወይም ስለ እሷ ስትወስኑ የኖራችሁለትን አንድ ሰው ምረጡ፤ ልጃችሁ ሊሆን ይችላል፣ ተማሪያችሁ፣ ባለቤታችሁ፣ ቤት የምታግዛችሁ ልጅ። አጠገቡ ተቀመጡና የሚፈልገውን ጠይቁት። ከጠየቃችሁ በኋላ አትናገሩ፤ አታግዙት፤ ምሳሌ አትስጡት። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክረው አንድ ደቂቃ አልሞላሁም። የምትሰሙት መልስ ከጠበቃችሁት ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሌላ ቀን እንደገና ጠይቁ፤ ምናልባት የመለሳችሁት ራሳችሁ ትሆናላችሁ።